አስቸኳይ፦ ሻካራ ቦት ጫማ የሊስትሮ ቀለም ተቀብቶብኝ ነው፣ እንዴት ይለቃል?

የአያት ልጅ፦ ሰላም ቤቶች። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ካሞሽ ቦት ጫማ ነው። ውጩ ሻካራ፣ መልኩ የደረቀ ሣር ዓይነት። ዛሬ ጠዋት የቤታችን ትንሽ ልጅ ደግ የሠራ መስሎት ሊስትሮ ጋ ወስዶ አስጠረገው። ግራው ሙሉ በሙሉ ቡኒ ቀለም ተቀብቷል። ቀኙ አፍንጫው ላይ ብቻ ነው የተነካው። ጫማው ቀለሙን እየጠጣ አልጠግብ ሲል ሊስትሮው ተወው አሉ። አሁን ግራው ጠቁሯል፣ ፀጉሩ ተላጥፏል፣ ጣቴን ሳሳርፍበት ያጣብቀኛል። እስከ ቅዳሜ እንደ ድሮው መሆን አለበት። በምን ልጠበው? ቤንዚን ቤት ውስጥ አለ።

ሳሪስ አቦ፦ ቤንዚን ይበቃዋል። ጨርቅ ነክረህ እሸው፣ ፀሐይ ላይ አስጣው፣ አለቀ። የአባቴን ጃኬት በዚህ ነው ያዳንኩት።

ክርና ወስፌ፦ ቤንዚኑን አስቀምጠው! ፀሐይም አታስጣው። እኔ ጫማ በመጠገን ነው የምተዳደረው፣ ስለዚህ ስማኝ። ቤንዚን ቀለሙን ብቻ አያነሳም። ቆዳው ውስጥ ያለውን ዘይትም አብሮ ይስበዋል። የቀረውን ቀለም አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል፣ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ክብ ምልክት ይተዋል። ሶሉ ጋ ከደረሰ ማስቲሹን ያላላዋል። አሁን ሦስት ነገር ንገረን። የተቀባው በቆርቆሮ የሚመጣው ደረቁ ቀለም ነው ወይስ ፈሳሹ? የጫማው ውስጥ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ውጩ ሻካራ? ማርካውስ ምንድን ነው?

ፒያሳ ቡና፦ ለሊስትሮው ግን ጨምራችሁ ክፈሉት። የሳምንት ቀለሙን አንድ እግር ጫማ ጠጥቶበት ነው የሄደው።

ጋሽ ቆዳው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እወቅ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ የገለጽከው ነገር ካሞሽ አይመስለኝም። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በማሽን ከሁለት ይሰነጠቃል። የላይኛው፣ ፀጉሩ የበቀለበት ወገን፣ ጠንካራው ነው። የታችኛው፣ ሥጋው ጋ የነበረው፣ ላላ ያለ ነው። ርካሹ ካሞሽ የሚሠራው ከዚህ ነው። አንዳንድ የሥራ ቦት ጫማ ግን ያንኑ ጠንካራውን ቆዳ ገልብጠው ነው የሚሰፉት። ለስላሳው የፀጉር ወገን ወደ እግር፣ ሻካራው የሥጋ ወገን ወደ ውጭ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ድንጋይ ቢጭረው፣ እሾህ ቢያገኘው ምልክቱ አይታይም። ዋናው ጥንካሬም ከውስጥ ተጠብቆ ይቆያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ማሪኖች ያደርጉት የነበረው ቡንዶከር የሚባለው ጫማ እንዲህ ተገልብጦ የተሰፋ ነበር።

የዘይቱም ነገር አለ። እንዲህ ያለውን ቆዳ በዘይት የለፋ ይሉታል እንጂ ዛሬ አብዛኛው መጀመሪያ የሚለፋው፣ ማለትም እንዳይበሰብስ የሚዘጋጀው፣ በክሮም ጨው ነው። ዘይት፣ ሰምና ሞራ በሙቀት የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቺካጎ ያለው ሆርዊን የተባለ ቆዳ ፋብሪካ ከ1905 ጀምሮ ይሠራል። ክሮሜክሴል የሚለውን ቆዳ በክሮም ካለፋው በኋላ በዕፅዋት ማልፊያ ይደግመዋል፣ ከዚያ ነው በዘይትና በሰም የሚሞላው። በእውነት በዓሣ ዘይት የሚለፋው ያ መኪና ማድረቂያው ሻሞይ ነው። እኛ አገር የደጋ በጉ ቆዳ ለጓንት የታወቀ ነው፣ የባቲ ፍየልም ስሙ የተጠራ ነው። ዘይት የጠገበ የተገለበጠ የከብት ቆዳ ግን ሊስትሮው በየት ያውቀዋል? አትፍረዱበት።

ፒያሳ ቡና፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን፣ ብዙ ተማርን። ግን ቅዳሜ እየደረሰበት ነው።

የአያት ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቆርቆሮው ነው፣ ጥቁር ቡኒ። ውስጡ ልስልስ ያለ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት። ምላሱ ላይ ሬድ ዊንግ ይላል። ደግሞ ያልነገርኳችሁ፣ ጫማው የታላቅ ወንድሜ ነው። ከሚኒሶታ ለእረፍት መጥቶ አሁን ባሕር ዳር ነው። ቅዳሜ ይመለሳል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እኔ እንደ ድሮው ይሁን በሚለው አልስማማም። በሰጠኸው መልክና ማርካ ሙልስኪነር የሚሉት ቆዳ ሳይሆን አይቀርም። የሚለፋው እዚያው ሚኒሶታ፣ ሬድ ዊንግ ከተማ ውስጥ፣ ኤስ ቢ ፉት በተባለ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከ1872 ጀምሮ አለ፣ ጫማ ሠሪው ራሱ ከመቋቋሙ በፊት ማለት ነው። ሰው ይህን ጫማ የሚገዛው እንዲጎሳቆልና መልክ እንዲያወጣ ነው። እኔም አለኝ። አፍንጫው ጠቁሯል፣ መተጣጠፊያው ጋ ነጣ ብሏል፣ ከአዲሱ ይልቅ አሁን ነው የምወደው። ስለዚህ የግራውን ለማስለቀቅ አትድከም። ቀኙንም ያንኑ ቀለም ቀባውና ሁለቱ እኩል ይሁኑ። በ19ኛው መቶ ዘመን የወታደር ቦት የሥጋው ወገን ወደ ውጭ ሆኖ፣ በሰምና በጥቁር ቀለም እየታሸ ነበር የሚለበሰው። አዲስ ነገር አይደለም።

ክርና ወስፌ፦ በራስህ ጫማ የፈለግከውን አድርግ። የሰው ጫማ ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሁለተኛ አይቀባም። የአያት ልጅ፣ እንዲህ አድርግ።

ደረቅ ቀለም ብዙው ሰም ነው። ሰም ሲሞቅ ይላላል፣ ሲላላ ደግሞ ሶፍት ይጠጣዋል። መጀመሪያ ከላይ የተከመረውን በሞባይል ካርድ ጠርዝ ቀስ ብለህ ፋቀው። ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ሙላ፣ ባዶውን ብትጫነው ይጨራመታል። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ ዝቅተኛው ላይ አድርገህ፣ ስንዝር ያህል አርቀህ አሙቀው። እጅህን አጠገቡ ያዝ። ለእጅህ ከበዛ ለቆዳውም በዝቷል። ሰሙ ማብረቅረቅ ሲጀምር ሶፍት አድርገህ ተጫነው። አታሽ! ማሸት ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባው። ሶፍቱ ቡኒ ሆኖ ይነሳል። ቀይረህ ድገም፣ መዳፍህን የምታህል ቦታ ጨርሰህ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ መነሳት ሲጀምር አቁም።

ያድርና በማግሥቱ በነሐስ ሽቦ ብሩሽ ወዲህም ወዲያም ጥረገው። ያ ከሌለህ አሮጌ የጥርስ ብሩሽም ይሠራል። እልኸኛ ቦታ ካለ ነጭ ላጲስ፣ እሱም ካቃተው በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አስነካው። የድስት ሽቦ አትጠቀም፣ ስባሪው ቃጫው ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል። ሁሉንም መጀመሪያ በተረከዙ የውስጥ ጎን ሞክረው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰሙ ይወጣል፣ ፀጉሩም ይነሳል። ማቅለሚያው ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ግራው ጠቆር ብሎ ይቀራል።

ገርጂ ማዞሪያ፦ ቤንዚን ሞክረሃል?

ፒያሳ ቡና፦ ወንድሜ፣ እባክህ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

ሳሪስ አቦ፦ ጃኬቱ ግን እውነት ድኗል።

ክርና ወስፌ፦ ጃኬቱ ዘይት የጠገበ ቆዳ አልነበረማ። ሶልና ማስቲሽም የለውም።

ሚሚ ከዴንቨር፦ ባለቤቴ ለሥራ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ሻካራ ቦት ነው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር። ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ ሚንክ ኦይል የሚሉትን የቆዳ ቅባት ቀባው የሚልህ ሰው ይመጣል። አሁን አይሆንም። ቅባት ፀጉሩን ያስተኛዋል፣ የባሰ ያጠቁረዋል፣ ልታወጣው የምትለፋውን ሰምም ያትመዋል። ብሩሹ በቂ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ለታላቅህ ዛሬውኑ ደውልለት። ጫማውን ለብሶ የሚሠራበት እሱ ነው። ምናልባት የሲልቨር ስፕሪንጉ እንዳለው ጠቆር ማለቱን ይወደው ይሆናል። ቅዳሜ በር ላይ ሲያየው ግን ከቀለሙ በላይ የሚያናድደው ዝም ማለታችሁ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ሚሚ እውነቷን ነው። ይወስን ካለ እኔ ቃሌን አነሳለሁ።

ጋሽ ቆዳው፦ በሙቀቱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እርጥብ ቆዳ አይሞቅም። በሙቀት ተገዶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይገረጣል። ዛሬ ዝናብ ነክቶት ከሆነ ጥላ ውስጥ ይደርና ነገ ጀምር። ልጁንም አትቆጡት።

የአያት ልጅ፦ ደረቅ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተረከዙ ጋ ሞከርኩት። ሶፍቱ እውነትም ቡኒ ሆኖ ተነሳ፣ በጥርስ ብሩሽ ስነካው ፀጉሩ ቀና ቀና አለ። ግን መካከል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ እቀጥላለሁ።

ክርና ወስፌ፦ መብራት አትጠብቅ። ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሙላ፣ የፈላ ሳይሆን እጅ የሚችለው። ውጩን በደንብ አድርቀው፣ ሶፍቱን ቆዳው ላይ አንጥፈህ ጠርሙሱን በላዩ ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ይቆይ፣ አንሳው፣ ሶፍት ቀይር። ከማድረቂያው ይዘገያል እንጂ ያው ነው። እንዲያውም የማቃጠል ስጋቱ ያንሳል።

ፒያሳ ቡና፦ ይሄ ነው ሙያ! ለሊስትሮዎቹም ንገርልን።

ክርና ወስፌ፦ ብነግራቸው ደስ ይለኛል። ሻካራ ቆዳ ሲመጣ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጠርጎ መመለስ ነው። ቀለም አያስፈልገውም።

ቦሌ ሚካኤል፦ ከርዕሱ ሳልወጣ፣ እኔ ደግሞ ተመሳሳይ ጫማ ላይ ትናንት ማታ የጥብስ ዘይት ተረጭቶብኛል። ይሄው የሶፍት ዘዴ ይሠራል?

ሚሚ ከዴንቨር፦ ላንተ ሙቀት አያስፈልግም፣ ዘይቱን ያሰራጨዋል። የሕፃን ፓውደር ወይም የበቆሎ ስታርች ወፈር አድርገህ ነስንሰህ አሳድረው። ጠዋት በብሩሽ አራግፈው። ሁለቴ ብትደግመው ይበቃል። ከዚያ በላይ የቆዳውን የራሱን ዘይትም ይስባል። ትንሽ ጥላ ቢቀር ተወው፣ ጫማውን ስታደርገው እየተሰራጨ መልኩ ይስተካከላል። የአያት ልጅ፣ ለወንድምህ ደወልክ?