ክርክር፦ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ወንድ ክራባት ይሰር ወይስ ቁም ኮሌታ ይበቃዋል?

አወያይ፦
የአለባበስ ደንብ በተነሳ ቁጥር ጎንደር ላይ ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ «መስኮት ላይ ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ወንድ ታጣፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ በክራባት ይልበስ፣ ደንቡም ግዴታ ያድርገው» ይላል። ሌላው «እጀ ጠባብ ላይ የምናውቀው ቁም ኮሌታ እኩል ይቆጠር፣ ክራባቱ ይቅር» ይላል። የምትሰፉም፣ የምትሸጡም፣ የምታጥቡም እዚህ አላችሁና ምክንያታችሁን ጻፉ። «ያምራል»፣ «አያምርም» ብሎ መሄድ የለም።

የማራኪው፦
ከቁም ኮሌታ ወገን ነኝ። ክራባት ቦታውን የሚይዘው አንገቱ ልክ በሆነ ሸሚዝ ላይ ብቻ ነው። ሰው ግን ሸሚዝ የሚገዛው በትከሻና በሆድ ለክቶ ነው። ውጤቱ በየመስኮቱ ይታያል፦ ላይኛው ቁልፍ አልገጥም ብሎ ክፍት፣ ክራባቱ ያንን ለመሸፈን ተጎትቶ፣ አንዱ የኮሌታ ጫፍ ኮቱ ላይ ወጥቶ። ይህ ሥርዓት ከተባለ ቁም ኮሌታ ምን አጠፋ? አንዴ ከተቆለፈ ሌላ የሚስተካከል ነገር የለውም። አባቶቻችንም አደባባይ የቆሙት በእሱ ነው።

ሰፊው ከፒያሳ፦
ወንድሜ፣ የዘረዘርከው ሁሉ የልክ ጥፋት ነው፤ ክራባቱ ምን አደረገ? አንገት የሚለካው ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ኮሌታው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። በወጣው ቁጥር ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ጨምር፤ 38.5 ከወጣ 40 ቁጥር ነህ። ቆልፈህ ሁለት ጣት ጎን ለጎን ከገባ ልክ ነው። ሦስት ከገባ ክራባቱ ሲጠብቅ ትርፉ ጨርቅ ከቋጠሮው ግራና ቀኝ ይሸበሸባል። ጥጥ ደግሞ ሲታጠብ ገብቶ ያጥራል፦ 2 በመቶ ቢገባ 40 የነበረው 39.2 ሆነ ማለት ነው፣ ያ ቁልፍ የሚዘጋና የማይዘጋን ሰው ይለያል። ስለዚህ የጥጥ ጨርቅ ውሃ ሳይነካው፣ ሳይደርቅና ሳይተኮስ መቀስ አይነካውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ታጣፊ ኮሌታ ኮት ጠባቂ ነው። የአንገት ላብና ቅባት የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው፤ እሱ ይታጠባል፣ ሱፍ ግን በየሳምንቱ አይታጠብም። ቆመህ በመስታወት ከኋላ ስትታይ ሸሚዙ ከኮቱ ኮሌታ በላይ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር መታየት አለበት። በየሱቁ የተሰቀለው ቁም ኮሌታ 3 ሴንቲሜትር ከፍታ ስላለው ኮት ሲደረብ ከኋላ ይሰምጣል። ከዚያ ሱፉ ቀጥታ አንገት ይነካል። ሦስት ወር ጠብቅና የኮቱን ኮሌታ ገልብጠህ እይ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር መስመር ታገኛለህ።

የማራኪው፦
እሱን ተቀብያለሁ፣ መፍትሔው ግን ክራባት አይደለም። ከኋላ 4 ሴንቲሜትር አድርገህ ቁረጠዋ!

ሰፊው ከፒያሳ፦
ይቻላል፣ ዋጋ ያስከፍላል እንጂ። 4 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ኮሌታ እንደ ቀበቶ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ አገጭ ስር ይቆረቁራል፣ ከኋላም ከአንገት ይርቃል። አንገት ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነው፣ ጨርቁም እንደዚያው መሆን አለበት። የኮሌታው ሁለት ጫፎች ከመሐሉ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው፣ እንደ ፈገግታ ጎበጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ከፊት ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል። አጭር አንገት ላለው ሰው ይህም ይበዛበታል። ይህን ለአንድ ደንበኛ እሰራለሁ። ደንብ አውጥተህ ሁለት መቶ ሠራተኛ ስታለብስ ግን ሁሉም የሚገዛው ያንኑ 3 ሴንቲሜትሩን ነው።

ቅዳሜ ገበያ፦
ስለ ሻጭ ሲወራማ እኔም ልግባ። ልባሽ ላይ የሚገኘው ሸሚዝ ብዙው የአንገት ቁጥር አለው፣ የተጻፈው በኢንች ስለሆነ ሰው አያነበውም። በ2.54 አባዙት፦ 15 ተኩል ማለት 39.4፣ 16 ማለት 40.6 ነው። ኤስ፣ ኤም፣ ኤል ብቻ የተጻፈበት ግን የአንገት ልክ አይነግርም፤ ክራባት ለማሰር የሚፈልግ ሰው ሜትር ይዞ ይምጣ። ሸሚዙን ዘርግቶ ከቁልፉ መሐል እስከ ቀዳዳው ማዶ ጠርዝ መለካት ነው፣ አለቀ።

የኮሌታውንም ዓይነት እወቁ። ጫፎቹ የተቀራረቡት፣ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ለጠባብ ቋጠሮ ነው፣ ክብ ፊትም ያስረዝማል። ጫፎቹ የተራራቁት ሰፋ ያለ ቋጠሮ ይፈልጋል፣ ለቀጭን ፊት ይሆናል። ጫፉ ሸሚዙ ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚያዘው ባለቁልፉ ለክራባትም ያለ ክራባትም ያገለግላል። ለመስኮት ሠራተኛ እኔ የምመክረው እሱን ነው፤ ለቁም ኮሌታውም ለክራባቱም ጠበቃ አልቆምም።

የሚዜ ልብስ አከራይ፦
ባለቁልፉን ከሙሉ ልብስ ጋር? ኧረ ተው! እሱ የመጣው ከፈረስ ጨዋታ ነው፤ የእንግሊዝ ፖሎ ተጫዋቾች ኮሌታው ፊታቸውን እንዳይመታቸው በቁልፍ ሲይዙት አይቶ ነው ብሩክስ ብራዘርስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ገበያ ያወጣው። ለስፖርት ኮትና ለሹራብ ይሁን፤ ለጥቁር ሱፍ አይሆንም።

ቋጠሮ ስላነሳህ ግን ልጨምር። ሰው የሚስተው ቋጠሮው ከኮሌታው ጋር አለመስማማቱ ነው። አንድ ጊዜ ዞሮ የሚታሰረው ተራው ቋጠሮ ትንሽና ዘንበል ያለ ስለሆነ ጫፎቹ የተቀራረቡት ላይ ይገባል። በሁለት በኩል የሚዞረውን ትልቁን ሦስት ማዕዘን እዚያ ላይ ስታስገባው ግን ሁለቱን ጫፎች ከስር ገፍቶ ያነሳቸዋል፣ ኮሌታው ሊበር የተዘጋጀ ይመስላል። በተገላቢጦሽ ደግሞ የተራራቁት ላይ ትንሿን ቋጠሮ ብታስር የክራባቱ ማሰሪያ ግራና ቀኝ እንደ ገመድ ይታያል። ምልክቱ ይህ ነው፦ የኮሌታው ጫፎች ሸሚዙን ይንኩ፣ የኮቱም የደረት እጥፋት ይሸፍናቸው። ጫፉ ከኮቱ ውጭ ከታየ ኮሌታው አጭር ነው፤ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ጫፍ ለአብዛኛው ኮት ይበቃል። ክራባቱ ደግሞ ቀበቶው ላይ ይቁም፣ ከዚያ አይለፍ።

አዘዞ ላውንደሪ፦
የምትከራከሩት ስለ አዲስ ሸሚዝ ነው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ስድስት ወር የተለበሰው ነው፣ እዚያ ላይ ክርክሩ ይለወጣል።

ኮሌታ ውስጥ ማጠንከሪያ ጨርቅ አለ። በፋብሪካ ሸሚዝ ብዙውን ጊዜ ሙጫ ያለው ሆኖ በሙቀት ተጭኖ የተጣበቀ ነው። ሙጫው በሙቀት ስለተጣበቀ በሙቀት ይለቃል፤ ከዚያ የላይኛው ጨርቅ በአረፋ በአረፋ ይነሳል። የተነሳ አረፋ በኋላ አይተኛም፣ ቢተኮስም በሚቀጥለው እጥበት ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ የሚያነሱ ሰዎች ልብ በሉ፣ እሱ ሙቀት መቆጣጠሪያ የለውም። ካውያውን መጀመሪያ እርጥብ አሮጌ ጨርቅ ላይ አሳልፉት፣ ሸሚዙም ላይ ስስ ጨርቅ አንጥፉ፤ አለዚያ ሙጫውም ይለቃል፣ አመዱም ይወርዳል።

አተኳኮሱ ላይም ብዙው ሰው ይሳሳታል። ኮሌታ ገና ጤዛ እያለበት ይተኮሳል። በመጀመሪያ የውስጡ ገጽ፣ ከዚያ የውጩ። ሁልጊዜ ከጫፉ ተነስቶ ወደ መሐል ነው። ከመሐል ወደ ጫፍ ከገፋችሁት ትርፉ ጨርቅ ጫፉ ላይ ተከማችቶ ይታጠፋል፣ ሰው የሚያየውም እሱኑ ነው። ማጠንከር የፈለገ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይርጨው። አንድ እጅ ይበቃል፤ ሲደጋገም እጥፋቱ ላይ ክሩ ይሰበራል።

ቢጫው መስመርስ? በረኪና አታድርጉበት። ላብ ያለበትን ነጭ ጨርቅ ራሱ ያቢጫል፣ ፖሊስተሩንም አያነጣውም። መስመሩ ቅባት ስለሆነ የሚያነሳው ሳሙና ነው፦ ኮሌታውን አርጥቦ ሳሙናውን እዚያው ማሸት፣ 20 ደቂቃ መተው፣ በለስላሳ ብሩሽ በእጥፋቱ አቅጣጫ መፈተግ፣ ከዚያ በለብታ ውሃ ማጠብ። ሳይለቅ ካውያ ካረፈበት ይቀራል።

ይህ ሁሉ ክራባት ላሰረም ቁም ኮሌታ ለለበሰም እኩል ነው። ልዩነቱ የታጣፊው ኮሌታ ቆሻሻ እጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ የቁሙ ግን ጠርዙ ላይ ወዲያው ይታያል። እንግዲህ ለንጽሕና የትኛው ደንብ ይሻላል ትላላችሁ?

የማራኪው፦
ላውንደሪ፣ እጅህ ይባረክ። የሚታየው ቆሻሻ ይታጠባል፣ የተደበቀው ይከርማል።

ሰፊው ከፒያሳ፦
የተደበቀው ሲከርም ጥፋቱ የደንቡ ሳይሆን የባለቤቱ ነው። ቁም ኮሌታ ላይ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ልናገር። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚይዘው። የአንገት ስበት ወደ ጎን ስለሆነ የዚያ ቁልፍ ቀዳዳ አግድም ይሰፋል፣ የደረቱ ቀዳዳዎች ግን ቁልቁል ናቸው። ችኩል ሰፊ ሁሉንም ቁልቁል ይሰፋዋል፤ አንገት ላይ ያለው እየተሳበ ይሰፋና ቁልፉ ንግግር መሐል ይከፈታል። ታጣፊ ኮሌታም ያው ቁልፍ አለው፣ ነገር ግን ክራባቱ ይሸፍነዋል። ቁም ኮሌታ ምንም አይሸፍንም። «ቀላል ነው» የምትሉት ልብስ ለሰፊ ከሁሉ የከበደው ነው።

ቅዳሜ ገበያ፦
ጋሼ፣ የታጣፊውን ስህተት ደግሞ ዝም አልክ። ጫፉ ወደ ላይ እንደ ድመት ጆሮ የሚቆመው ለምንድን ነው?

ሰፊው ከፒያሳ፦
ምን ዝም እላለሁ። የላዩና የታቹ ጨርቅ እኩል ስለተቆረጠ ነው። ኮሌታ ሲታጠፍ የላዩ ጨርቅ ረዘም ያለ መንገድ ይዞራል፣ እኩል ከሆኑ ያጥረውና ጫፉን ወደ ላይ ይስበዋል። የታቹ ዙሪያውን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ማነስ አለበት፣ ሲሰፋም ትንሽ ይወጠራል። ጫፉ ላይ ደግሞ ስፌቱ ሹል አይዞርም፤ አንዲት ስፌት በሰያፍ ይገባና ትርፉ ጨርቅ ይከረከማል፣ ከዚያ ይገለበጣል። በመቀስ ጫፍ መግፋት ክልክል ነው፣ ይበሳል። ክር ማዕዘኑ ላይ አስቀድሞ አስገብቶ መሳብ ይሻላል። ጫፉ ውስጥ የምትገባ የፕላስቲክ ስንጥር ካለችም ከማጠብና ከመተኮስ በፊት ትውጣ። ተሰፍታ የቀረችው በካውያ ትጣመማለች፣ ከዚያ በኋላ ኮሌታው ቀጥ አይልም።

አወያይ፦
ወደ ደንቡ እንመለስ። ግዴታ ይሁን የምትሉ በወረቀት ላይ ምን ይጻፍ ትላላችሁ?

የሚዜ ልብስ አከራይ፦
«ኮት የለበሰ ክራባት ይሰር።» ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ኮት ያልለበሰ ቁም ኮሌታ ቢለብስ አልቃወምም። ኮት ለብሶ ኮሌታውን ከፍቶ የሚመጣው ግን ሁለቱንም ያበላሻል፤ ለክራባት የተሰራ ኮሌታ ያለ ክራባት ሲከፈት መቆሚያው፣ ማለትም ታጣፊው የተሰፋበት አንገት ዙሪያ የሚቆመው ክፍል፣ ይወድቅና ጫፎቹ ከኮቱ ስር ይገባሉ።

ሰፊው ከፒያሳ፦
ይህን እፈርማለሁ።

የማራኪው፦
እኔ አልፈርምም። ኮት የለበሰም 4 ሴንቲሜትር ቁም ኮሌታ ካሰፋ ለምን ይከለከላል? ኮቱን የሚጠብቀው ቁመቱ ነው፣ ክራባቱ አይደለም፤ ያልከውም አንተው ነህ። ደንቡ «የሸሚዙ ኮሌታ ከኋላ ከኮቱ በላይ ይታይ፣ ላይኛው ቁልፍ ይዘጋ፣ መስመር አይኑርበት» ይበል። የፈለገ ክራባት ይሰር።

አወያይ፦
ሁለቱም ሐሳብ ይቀመጥ። አንድ ሰው በውስጥ መስመር የጠየቀኝን ላንሳ፦ ግዴታ ከሆነ ሸሚዙን ማን ይገዛል? ደመወዝተኛ በሳምንት አምስት ቀን የሚቀያይረው ከየት ያመጣል?

አዘዞ ላውንደሪ፦
ሦስት ሸሚዝ ይበቃዋል፣ አንዱ ሲለበስ አንዱ ሲደርቅ። መጀመሪያ የሚያረጀው ኮሌታው ነው፣ ሰውነቱ ገና አዲስ እያለ።

ሰፊው ከፒያሳ፦
ያረጀው ኮሌታ ይገለበጣል፣ አዲስ ሸሚዝ አያስገዛም። እጥፋቱ ላይ የተበላው ገጽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያልተነካው ወደ ውጭ ይወጣል። ታጣፊው ከመቆሚያው ጋር የተያያዘበት ስፌት ብቻ ይፈታል፤ መቆሚያው ከሸሚዙ አይነቀልም። ከመፍታት በፊት የኮሌታውም የመቆሚያውም መሐል በመርፌ ምልክት ይደረግበት፣ 3 ሚሊሜትር ከሳተ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይረዝማል። ተተኩሶ፣ ተገልብጦ፣ ወደ መቆሚያው ገብቶ በዚያው የስፌት መስመር ይሰፋል። ስንጥር የሚገባበት ኪስ ያለው ግን አይገለበጥም፣ የኪሱ አፍ ውጭ ይታያል። ቁም ኮሌታም አይገለበጥም። ጠርዙ ከተበላ አዲስ መቁረጥ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ያው ጨርቅ ቁራጭ መቀመጥ ነበረበት።

የማራኪው፦
ይቺን የመጨረሻዋን ሆን ብለህ አቆየሃት።

ሰፊው ከፒያሳ፦
ስታሰፋ ቁራጩን ተቀበል ነው ያልኩህ። 50 በ12 ሴንቲሜትር ይበቃሃል፣ ከሸሚዙ ጋር አብረህ እጠበው፣ አለዚያ ቀለሙ አይገጥምም።