በወረርሽኝ ጊዜ በገጠር ቀኑን በሥራና በሥርዓት ማሳለፍ የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ

ውድ የውይይቱ ተሳታፊዎች፣

የምኖረው ከከተማ በራቀ የገጠር መንደር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ ወዲህ የእኛም ኑሮ መልኩን ቀይሯል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ገበያው አይቆምም፤ ለሐዘንም ሆነ ለደስታ መሰባሰብ ቀርቷል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ገጠር ሰፊና አየሩ ንጹሕ፣ ሥራውም የማያልቅ ስለሆነ፣ ገጠሬ በቤቱ ተወስኖ የሚቸገር አይመስለውም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከብቱ ይታለባል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈለጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ሰዓት ነው የከበደን። ማሳው በዘርና በአጨዳ መካከል ባለው ጊዜ ላይ ስለሆነ ብዙ የሚፈልገው ነገር የለም። ልጆቹ አርፍደው መነሣት ለምደዋል፤ አዛውንቱ አባቴ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መገናኘት ካቆሙ ወዲህ ዝምታ አብዝተዋል፤ እኔም ዕለቱ ሰኞ ይሁን ሐሙስ የሚጠፋኝ ጊዜ አለ።

ቴሌቪዥንና ፈጣን ኢንተርኔት በሌለበት፣ ብዙ ገንዘብም ሳይወጣ፣ ከልጅ እስከ አዛውንት ያለው ቤተሰብ በምን ሥራ ቢጠመድ ይሻላል? ጊዜውን ከማሳለፍ አልፎ፣ ወረርሽኙ ሲያበቃ ጥቅሙ አብሮን የሚቆይ ነገር ቢሆን እመርጣለሁ። ልምድም ሆነ ዕውቀት ያላችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው ምላሽ

የተከበሩ ጠያቂ፣

ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ዕለቱ እንደሚጠፋዎት የገለጹበት ቦታ ነው፤ ችግሩም መፍትሔውም እዚያ ያለ ይመስለኛል። ወረርሽኝ ከገጠር ሰው የሚወስደው ሥራውን አይደለም፤ የሚወስደው አንዱን ቀን ከሌላው የሚለዩለትን ነገሮች፣ ማለትም የገበያውን ቀን፣ የትምህርት ቤቱን ደወልና የመሰባሰቢያውን ሰዓት ነው። እነዚህ ሲቀሩ ዛሬ ያልተሠራው ነገም ቢሠራ፣ ከነ ጭራሹም ባይሠራ፣ ለውጥ ያለው አይመስልም። ስለዚህ ተጨማሪ ሥራ ከመፈለግዎ በፊት ሳምንቱን እንደገና ቀን በቀን እንዲለዩት እመክራለሁ። አንዱን ቀን ለአጥርና ለመሣሪያ ጥገና፣ አንዱን ለጓሮው፣ አንዱን ለልብስና ለቤት ጽዳት ከመደቡ፣ አንዱን ደግሞ ከዕለት ግዴታ በቀር ከሌላ ሥራ ሁሉ ነጻ ካደረጉት፣ ልጆቹ ነገ ምን እንዳለ ያውቃሉ። የመነሻ ሰዓታቸውም ያለ ብዙ ግሣጼ ሊስተካከል የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ፣ የራሳቸው የጊዜ ገደብ ያላቸውን ሥራዎች ይምረጡ። እንቁላል ቢያሳቅፉ የዶሮ ጫጩት በ21 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ የዳክዬ ከሆነ ወደ 28 ቀን ይወስዳል። ከተጣሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ያላለፋቸውን እንቁላሎች መምረጥ፣ እስኪታቀፉ ድረስ ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጎ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ማቆየት፣ ከታቀፉ ከሳምንት በኋላ በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን እየተመለከቱ የደም ሥር ያልታየባቸውን መለየት፣ የመፈልፈያውን ቀን አስልቶ ግድግዳ ላይ ማስፈር፣ እነዚህ ሁሉ ትንሹም ትልቁም በጉጉት የሚጠብቀው ነገር ይሰጣሉ።

ኮምፖስትም፣ ማለትም ከብስባሽ የሚዘጋጅ የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ እንደዚሁ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ መጻፍ የምፈልገው፣ እርስዎ የጠየቁትን ዘላቂ ጥቅም ከሁሉ በፊት የሚያሟላ ስለሚመስለኝ ነው። ደረቅ ገለባና ቅጠል ከእርጥብ ሣርና ከእበት ጋር በንብርብር እየተደረገ፣ ቁመቱም ስፋቱም ቢያንስ አንድ ሜትር የሚሆን ክምር ቢሠራ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውስጡ መሞቅ ይጀምራል። በደንብ የተሠራ ክምር ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ሙቀት ለበርካታ ቀናት ከቆየና ክምሩ እየተገላበጠ ዳርና ዳሩ ወደ መሐል ከገባ፣ አብዛኛውን የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል። ሙቀቱን ለመለካት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ረዘም ያለ እንጨት እስከ መሐሉ ሰክቶ ጥቂት አቆይቶ አውጥቶ መንካት ይበቃል። እንጨቱ ሞቆ መውጣቱን ካቆመ የማገላበጫው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ክምሩ የበሰበሰ ዕቃ ሽታ ካመጣ ውሃው በዝቷል ወይም አየር አጥሮታል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ካመጣ ደግሞ እርጥቡና እበቱ ከደረቁ በልጧል፤ ስለዚህ ገለባ ይጨመርበታል። ይህን ክትትል ለአንድ ልጅ ሙሉ በሙሉ ቢሰጡት፣ ክምሩ ራሱ በየጥቂት ቀኑ ይጠራዋል፤ ተነሥና ሥራ የሚለው ሰውም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምላሽ

በጤና ሙያ ላይ ያለሁ ሰው በመሆኔ፣ ከሥራው ይልቅ የአባትዎ ዝምታ አሳስቦኝ ነው የምጽፈው።

ርቀት መጠበቅ ሲባል ብዙዎች ከሰው ፈጽሞ መለየት አድርገው ተረድተውታል። ቫይረሱ ከሁሉ ይበልጥ የሚተላለፈው አየር በማይዘዋወርበት ዝግ ክፍል ውስጥ፣ ተቀራርበው ረጅም ጊዜ በሚቆዩ ሰዎች መካከል ነው፤ ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ አደጋው በእጅጉ ያንሳል። የከተማ ሰው በቀላሉ የማያገኘው ይህ ሜዳ በእርስዎ ደጃፍ አለ። የአካባቢው ደንብ የማይከለክል ከሆነና ሁለቱም ትኩሳት፣ ሳል ወይም ሌላ ምልክት ከሌላቸው፣ አባትዎ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ሁለት ሜትር ያህል ተራርቀው በዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጡ መልካም ነው። ይህም በዘፈቀደ ሳይሆን በታወቀ ቀንና ሰዓት ቢሆን፣ ከመጀመሪያው መላሽ ሐሳብ ጋር ይስማማል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን ይቆይ፤ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተጋለጡ በኋላ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ቢታይም እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ጥንቃቄ በገጠር አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ኢያም የምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1665 ቸነፈር ገባባት፤ በ1666 ደግሞ ነዋሪዎቿ በሽታው ወደ አጎራባች መንደሮች እንዳይዛመት ብለው ራሳቸውን ከውጭ ሰው ለዩ። ጸሎታቸውን ከሕንፃው አውጥተው በሜዳ ላይ ያደርሱ ነበር፤ ምግብም ሌሎች ከወሰኑ ላይ ያኖሩላቸውና እነርሱ ዋጋውን ሆምጣጤ በተሞላ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ይተዉ ነበር። መንደሯ ብዙ ሰው አጥታለች፤ ሐዘኑም ቀላል አልነበረም። እኛም ገበያ በማይቆምበት ጊዜ ዕቃ መለዋወጥ የግድ ከሆነ፣ አስቀድሞ በስልክ ተነጋግሮ ከአጥሩ በር ላይ አስቀምጦ መራቅ፣ ከዚያም እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ይቻላል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የሬዲዮ ዜና ቀኑን ሙሉ ክፍት ከሚሆን፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ቢሰማ ጭንቀቱ ይቀንሳል። የአባትዎ ዝምታ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ በተለይም ምግብና እንቅልፍ ከቀነሱ ወይም ቀድሞ ደስ የሚላቸውን ነገር ከተዉ፣ እርጅና ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ በአቅራቢያ ያለ የጤና ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል።

ሦስተኛው ምላሽ

ዩኔስኮ እንዳስታወቀው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት በትምህርት ቤቶች መዘጋት ትምህርታቸው የተስተጓጎለባቸው ተማሪዎች ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ልጆችዎ ብቻቸውን ወደ ኋላ እንደቀሩ አድርገው አያስቡ። መምህር እንደመሆኔ የምመክረው፣ በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት ካለ እርሱን በሰዓቱ መከታተልና፣ የቀረውን ሰዓት አካባቢው ራሱ በሚያስተምረው ነገር መሙላትን ነው።

ለዚህ ከዝናብ መለኪያ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና መቀመጫው እኩል የሆነ ቆርቆሮ፣ ዛፍና ጣሪያ በማይጋርደው ቦታ እንዳይወድቅ ተደርጎ ይቀመጣል፤ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ውስጡ ያለው ውሃ በማስመሪያ ተለክቶ በደብተር ይመዘገባል፤ ከዚያም ይደፋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ልጁ የቤቱን ጣሪያ ለክቶ 8 ሜትር በ5 ሜትር ሆኖ ቢያገኘው፣ 12 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ሌሊት 480 ሊትር ውሃ ጣሪያው ላይ እንደወረደ ራሱ ያሰላል፤ ከፊሉ እንደሚባክን አስቦም ምን ያህል ማጠራቀሚያ እንደሚያስፈልግ ይገምታል። ማባዛትን ከሰሌዳ ላይ የተማረ ልጅ ሲረሳው አይቻለሁ፤ በዚህ መንገድ የተማረው ግን ለምን እንደሚያባዛ ስለሚያውቅ አይረሳውም።

አዛውንት አባትዎም እዚህ ላይ ቦታ አላቸው። ልጆቹ የይዞታችሁን ካርታ ይሥሩ፤ አያታቸው ደግሞ ውሃ የሚተኛበትን፣ አፈሩ የሚታጠብበትን፣ ምንጩ የደረቀበትን ዘመንና ቀድሞ የነበረውን የዛፍ ዓይነት ይንገሯቸውና በካርታው ላይ ይስፈር። የትኛው ቦታ ላይ እርከን ወይም የውሃ መውረጃ ቦይ እንደሚያስፈልግ ሲወሰን ይህ ካርታ ያገለግላል።

አራተኛው ምላሽ

ከላይ የተጻፉት ምክሮች መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ሥራ የፈታው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ መታለፉ አላስደሰተኝም። ሁሉም ሰው ቤት ሲውል ምግብ የሚያበስለው፣ የሚያጥበውና ሕመምተኛ የሚያስታምመው ሰው ሥራ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በብዙ የገጠር ቤቶች ይህ ሰው እናት ወይም ታላቅ እህት ናት። እጅን ደጋግሞ መታጠብ ግዴታ ሲሆን እንኳ፣ ያን ተጨማሪ ውሃ በጀርባዋ የምታመጣው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ለወንዶቹ ልጆች አዲስ መጠመጃ ከመፈለጋችን በፊት በቤቱ ያለው ሥራ ሁሉ ተዘርዝሮ እንደገና ቢከፋፈል፣ የጠያቂው ችግር ግማሹ በዚያው ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ተጨባጭ ሐሳብም አለኝ፤ እርሱም በእግር እየተረገጠ ውሃ የሚያወርድ የእጅ መታጠቢያ ነው። አነስተኛ ጀሪካን ከሁለት ባላ እንጨቶች መካከል በአግድም እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፤ አንገቱ ላይ ገመድ ታስሮ መሬት ላይ ካለ መርገጫ እንጨት ጋር ይያያዛል። ሲረገጥ ጀሪካኑ ዘንበል ብሎ በተበሳው ቀዳዳ በኩል ቀጭን ውሃ ያወርዳል። እጅ ዕቃውን ስለማይነካው ንጹሕ ነው፤ ውሃም ይቆጥባል። ሠርቶ መትከሉ፣ ውሃውን መሙላቱና ሳሙናው እንዳያልቅ መጠበቁ ለልጆቹ ይሰጥ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አራተኛውን ምላሽ ለባለቤቴ አንብቤላት ረጅም ውይይት አድርገናል፤ ውሃ መቅዳቱን ሁለቱ ወንዶች ልጆች እንዲረከቡ ተስማምተናል፤ የእጅ መታጠቢያውንም እነርሱ ይሠራሉ። አባቴ ስለ ካርታው ሲነገራቸው ለልጆቹ መንገር የጀመሩት ስለ ዘር አመራረጥ ነው፤ ይህን ኃላፊነት ራሳቸው ቢይዙት ደስ ይላቸዋል። ከጓሮ አትክልት በየትኛው ቢጀምሩ ይሻላል? ዘሩ መብቀል አለመብቀሉስ ከመዘራቱ በፊት እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው መላሽ

በባቄላና በቲማቲም ይጀምሩ። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሲሆን፣ ባቄላን ግን ንብም ስለምታዳቅለው ከሌላ ዓይነት ባቄላ ራቅ ብሎ ቢዘራ ይመረጣል። በቆሎ በነፋስ፣ ዱባም በነፍሳት አማካይነት ከጎረቤት ማሳ ካለው ዓይነት ጋር በቀላሉ ስለሚዳቀሉ ለኋላ ይቆዩ። ድቅል ዘር ተብሎ ከተገዛ ተክል የሚገኘው ዘር እናቱን ላይመስል ስለሚችል አይመረጥም። የባቄላው ፍሬ ከነቆባው ተክሉ ላይ እስኪደርቅ ይጠበቃል። የቲማቲሙ ዘር ከነዝልግልጉ በትንሽ ውሃ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቆይና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። የሚመረጠውም የመጨረሻው ቃርሚያ ሳይሆን ከጤነኛና ብርቱ ተክል ላይ የተገኘው ይሁን፤ አባትዎ ይህን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

ለመፈተን 10 ዘር በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ቦታ ይቀመጥ፤ ጨርቁም እንዳይደርቅ በየዕለቱ ይታይ። ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ 8 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ በተለመደው መጠን ይዝሩት፤ 5 ገደማ ከሆነ የዘሩን መጠን እጥፍ ያድርጉ፤ ከዚያ ካነሰ በሌላ ቢተካ ይሻላል። የተረፈውን ዘር እርጥበትና ነቀዝ በማይገባው ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው፣ የተሰበሰበበትን ወርና የፈተናውን ውጤት ከላዩ ላይ ልጆቹ ይጻፉበት።