በጋውን ሲያሞቅ የከረመውን ኤሲ ለግንቦት ሙቀት ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ ቦርከና፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከተዛወርን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ለእናቴ ክፍልም ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችል ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ አስገጥሜያለሁ። እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለባት ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ለማሞቂያ ስንጠቀምበት ቆይተን ከየካቲት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። አሁን ሚያዝያ ሊጋመስ ሲል ወደ ማቀዝቀዣ ብቀይረው የሚወጣው አየር ደካማ ከመሆኑም በላይ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግድግዳው ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ሲያሞቅ በነበረበት ጊዜ ግን አንድ ጠብታ እንኳ አላየንም። ያነጋገርኩት ጠጋኝ ሳይከፍተው «ጋዝ አልቋል፤ በየዓመቱ መሞላት አለበት» ብሎኛል። ራሴ ልሠራው የምችለው የትኛው፣ ለባለሙያ የምተወውስ የትኛው ነው? ቤቱ የቆርቆሮ ክዳንና የቺፕውድ ኮርኒስ አለው።

መልስ፦ ዞብል፣ ከወልድያ (የማቀዝቀዣ ጥገና ሠራተኛ)

ወንድሜ፣ ለጋዝ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ትንሽ ይታገሱ። ጋዙ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ የሚመላለስ በመሆኑ ካልሾለከ በስተቀር እዚያው ይኖራል። በየዓመቱ የሚጎድል ከሆነ ቀዳዳው ተፈልጎ መደፈን አለበት፤ ሳይደፍኑ መሙላት በተቀደደ ጀሪካን ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ውሃው አሁን ብቻ የታየበት ምክንያት ቀላል ነው። ኤሲው ሲያሞቅ ውሃ የሚፈጠረው በውጭው ክፍል (ደጅ በተተከለው የኤሲው አካል) ላይ ነው፤ ሲያቀዝቅዝ ግን የክፍሉ አየር እርጥበት ቀዝቃዛው የውስጥ ቱቦ ላይ ስለሚያርፍ ውሃው በቤት ውስጥ ተጠራቅሞ በፍሳሽ ላስቲኩ ይወጣል። ያ ላስቲክ በጋውን ሙሉ ደርቆ ስለከረመ አቧራና ነፍሳት ደፍነውት ይሆናል። ደካማው አየር ደግሞ የማጣሪያው ነገር ይመስለኛል፤ ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን አየር ስለሚያንስ የውስጡ ቱቦ በረዶ ይጋግራል፣ በረዶውም ሲቀልጥ ከሥሩ ካለው የውሃ መቀበያ አልፎ ይፈሳል። ስለዚህ ሁለቱ ችግሮች አንድ ምንጭ ሊኖራቸው ይችላል።

መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። የፊት ክዳኑን ከፍተው ማጣሪያዎቹን ያውጡ፣ ለብ ባለ ውሃ ያጥቧቸው፣ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ያድርቋቸው። ከዚያ የፍሳሽ ላስቲኩን የውጭ ጫፍ ይፈልጉና የደፈነውን ያስወጡ፤ ጫፉ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ወይም ወደ ላይ ታጥፎ ከሆነም ያስተካክሉት። በመጨረሻ የውጭውን ክፍል ክንፎች (የተደረደሩትን ስስ የብረት ቅጠሎች) ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ፣ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ያጽዱ። አደራ፣ የላቫጆ ግፊት ውሃ እንዳይጠቀሙ፤ እኔ ራሴ ሥራውን ስጀምር አንዱን እንዲህ አጥቤ ክንፎቹን ሁሉ አጣጥፌያቸው አየር ማሳለፍ እምቢ ብለው ነበር።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልቀዘቀዘ ባለሙያ ይጥሩ፤ ያን ጊዜም መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ እንዲፈትሽልዎ ይጠይቁት። ዘይት የነካው መገጣጠሚያ ካለ መሹለኪያው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። የሚሞላው ጋዝ ዓይነትና መጠን በውጭው ክፍል ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ አር-32 ከሆነ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ስለሆነ በግምት የሚሞላ ሰው አያስነኩት።

መልስ፦ ጦሳ፣ ከደሴ

ዞብል ባሉት ላይ የመብራቱን ጉዳይ ልጨምር። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ አንድ ኪሎዋት አካባቢ ሲወስድ የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፕሬሰሩም (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) መነሣት አቅቶት ያቃስታል። ለኤሲው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ወዲያው አያስነሡት፤ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆይ። ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያመጣጥን ዕቃ) የሚገዙ ከሆነ የመዘግየት ሰዓት ያለውን ይምረጡ።

እኛ ደሴዎች ለማቀዝቀዣ ብዙም አንጨነቅም፤ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምንል ግንቦትም ሲመጣ መስኮት መክፈት ይበቃናል።

መልስ፦ የቆቦ እናት

ልጄ፣ እናንተ ስለ ማሽኑ ብዙ ተናገራችሁ፤ እኔ ስለ ቤቱ ልበል። የቆቦን ሙቀት ያለ ኤሲ ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ። ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ወደ ኮርኒሱ ይተፋል፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የታፈነው አየር መውጫ ካላገኘ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ከጣሪያው ጋር ሲታገል ያድራል። በጣሪያው ሁለት ጫፎች ላይ ቀዳዳ አስከፍተህ በወንፊት ሽቦ አስሸፍነው፣ ወፍ እንዳይገባ። ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም ማስቀባትም ልዩነቱ የሚታወቅ ነው፤ እኔ ካስቀባሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ችያለሁ። በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት ከእኩለ ቀን ጀምሮ በወፍራም መጋረጃ ሸፍነው፤ ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩትን መስኮቶች ከፍተህ አየሩ ይለፍ። ኤሲው እየሠራ ግን መስኮት አይከፈትም። እናትህ መገጣጠሚያቸውን ስለሚያማቸው ነፋሱ በቀጥታ አልጋቸው ላይ እንዳይወርድ አዙረው።

ምላሽ፦ ቦርከና

እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴም አመስግናችኋለች። ማጣሪያዎቹን ሳወጣ በላያቸው ላይ ያለው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። የፍሳሽ ላስቲኩን ጫፍ ደግሞ ተርብ ጭቃ ሠርታበት አገኘሁት፤ በቀጭን ሽቦ አወጣሁት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት አሠራሁት፤ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ውሃውም በደጅ በኩል ይወርዳል። አየሩም ተመልሷል፤ ስለዚህ ጋዙን አላስነካም። ምጣዱን ወደ ሌላ መስመር ለማዞር ኤሌክትሪሻን ቀጥሬያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፦ ስንት ዲግሪ ላይ ላድርገው?

መልስ፦ ዞብል

ለእናትዎ 26 ይጀምሩና ካልበቃቸው ወደ 25 ያውርዱት። 18 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዝቅዘውም፤ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ሳይሆን የበረዶ ምልክት መታየቱን ያረጋግጡ። አቧራው በሚበዛበት በዚህ ወቅት ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ ይዩት፤ በላስቲኩ ጫፍም ላይ ቀጭን የወንፊት ጨርቅ ላላ አድርገው ይሰሩበት፣ ተርቧ ተመልሳ ትመጣለች።