«የእኛ ጭስ ምን ይቆጠራል!» ባጃጅ፣ ሲኖና ናፍጣ በአዳማ (ክርክር)

የፍራንኮ ልጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ ባለሙያ ቀርቦ ነበር። የአዳማን አየር የበከለው የቤንዚን ባጃጅ ነው፣ ባጃጁ በኤሌክትሪክ ሲተካ ከተማው ይጸዳል አለ። በቃ። ጠያቂውም «እናመሰግናለን» ብሎ ዘፈን ለቀቀ። እኔ ግን ተናደድኩ። ሰውየው ከጅቡቲ መጥቶ በመሃላችን የሚያልፈውን ሲኖ አላየውም? ናፍጣ የሚባል ነገር አልሰማም? ወይስ ባጃጅ ነጂ ደውሎ ስለማይከራከረው ነው?

ባለ ባጃጁ፦ ተባረክ ወንድሜ! ቤንዚን ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን የምንቆመው እኛ። ትራፊክ የሚያሳድደው እኛን። አሁን ደግሞ አየሩንም ያበላሸነው እኛ ሆንን። የቀረን ዝናብ አስቀራችሁ መባል ነው።

ቦቴው፦ ቀስ በሉ እንጂ! ባጃጁን ነፃ ለማውጣት የግድ እኛን ማሰር አለባችሁ? የአሰብ ማጣሪያ በፈረንጆቹ 1997 ከተዘጋ ወዲህ ይቺ አገር የተጣራ ነዳጅ ከውጭ እየገዛች ነው የምትኖረው። ያንን ከጅቡቲ የምናመጣው እኛ ነን፣ በአፋር ሐሩር፣ ጎማ እየፈነዳብን። ደግሞስ የምን ብክለት ነው የምታወሩት? ከዓለም ካርቦን የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን አካባቢ ይለቃል፣ የኢትዮጵያዊው ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። የእኛ ጭስ ምን ይቆጠራል!

ጀበና በመንገድ ዳር፦ «የእኛ ጭስ ምን ይቆጠራል» አልክ? ና እኔ ጋ ልቁጠርልህ። አሮጌው መንገድ ዳር ቡና አፈላለሁ። ጠዋት አጥቤ የደረደርኩትን ሲኒ እኩለ ቀን ላይ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። አቧራ ቢሆን እፍ ስትለው ይሄዳል። ይሄ አይሄድም። ጥቁር ነው፣ ቅባት አለው፣ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ቀኑን ሙሉ የምተነፍሰው ያንን ነው።

ቦቴው፦ እህቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አንቺስ ቡናውን የምታፈዪው በከሰል አይደል?

ጀበና በመንገድ ዳር፦ በከሰል ነው። የከሰሉን ጭስ ፈልጌ ነው የምታገሰው። ያንተን ግን ሳላዝህ ነው የምታቀርብልኝ።

መምህሩ፦ ቦቴው ሁለት ነገር አቀላቅለሃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አዳማ ወጣ ቺካጎ ወጣ ለውጥ የለውም፣ ሰማይ ላይ ይደባለቃል። በዚያ ሒሳብ ልክ ነህ፣ የእኛ ኢምንት ነው። ጥቀርሻው ግን ቺካጎ አይሄድም። እዚሁ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር ያመጣል ብሎ የመደበው በፈረንጆቹ 2012 ነው። ቤንዚንም ቅዱስ አይደለም፣ የእሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። እንደ ናፍጣ ግን ጥቀርሻ አይተፋም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሄድን ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል፣ ናፍጣ 2.7 ገደማ።

ባለ ባጃጁ፦ መምህር ይቅርታ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን እኮ አንድ ኪሎ አይሞላም። 2.3 ኪሎ ከየት አምጥቶ ነው የሚለቀው?

ቦቴው፦ ሃሃሃ ያዛቸው! መምህር ነዳጅ ቢነግዱ ሀብታም ነበሩ።

መምህሩ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ያልገባኝ ሳቁ ነው። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፣ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ይሆናል። ጭማሪው ከአየር የመጣ ነው። ይሄ እኮ ተራ የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ነው።

ቦቴው፦ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ረዳት ሆኜ ጎማ እቀይር ነበር መምህር። ይቅር ይበሉኝ። ለማንኛውም አዳማ ንፋስ አጥታ አታውቅም። ጥቀርሻውን ይወስደዋል።

ወንጂ ተወልጄ፦ ወዴት ነው የሚወስደው? እኛ ጋ? እናመሰግናለን! ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል የሚበንነው አመድ አንሶን ነው?

ጋራዥ፦ ሁሉም ናፍጣ እኩል አያጨስም ጎበዝ። ጥቁር የሚተፋውን መኪና ክፈቱት። ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኗል፣ ኖዝሉ አልቋል። ጤነኛ ኖዝል ናፍጣውን አድቅቆ ይረጫል፣ ያለቀው ያንጠባጥባል። ጠብታው በደንብ ሳይነድ ጠቁሮ ይወጣል። ባለቤቱ ግን ኖዝል አይቀይርም። «ጉልበት አጣ፣ ፖምፓውን ጨምርልኝ» ይላል። ናፍጣ ይጨመራል፣ ጭሱም አብሮ ይጨመራል። ናፍጣን ከላምባ ቀላቅለው የሚሸጡትንማ እግዜር ይያቸው።

ቦቴው፦ የእኔ መኪና አያጨስም።

ጀበና በመንገድ ዳር፦ ታዲያ «የእኛ ጭስ» ያልከው የማንን ነው?

የፍራንኮ ልጅ፦ ኧረ ገደለችው!

የንፋስ ጎረቤት፦ እኔ ባለሙያውን እደግፋለሁ፣ ስደቡኝ። ከግቢያችን ሆኜ ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን ተርባይኖች አያለሁ። አዳማ 1 ላይ 51፣ አዳማ 2 ላይ 153 ሜጋ ዋት። ህዳሴ ብቻውን 5,150 ነው። የአገሪቱ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃና ከንፋስ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ብትሰካ ከሶኬቱ ጀርባ የሚነደው በአመዛኙ ድንጋይ ከሰል ነው። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ያላገጠ ሁሉ ይቺን ያስብባት።

ባለ ባጃጁ፦ መብራት ትናንት ከሰዓት ሄዶ እኩለ ሌሊት ነው የመጣው። ተርባይኑ እየዞረ እኔ በሻማ። ምኑ ላይ ልሰካው? ባትሪው ሲሞትስ ስንት ብር ነው?

ሐይቅ ዳር፦ አዳማዎች አይዟችሁ፣ ሐዋሳ ኑና ንጹህ አየር ሳቡ።

የፍራንኮ ልጅ፦ አንተ ደግሞ ዓሣህን ብላ። ሐዋሳ ባጃጅ የለም?

ሐይቅ ዳር፦ ባጃጅ አለ። የጅቡቲ መንገድ የለም።

የፍራንኮ ልጅ፦ የሞያሌውስ? የሚሄድበት ጋሪ ነው?

ግንበኛው፦ ሁላችሁም ጭስ በማርሚታ ብቻ የሚወጣ ይመስላችኋል። ሲሚንቶ በምን የሚጋገር መሰላችሁ? በድንጋይ ከሰል እኮ ነው። ፎቅ ስትሠሩ ግን ማንም አይጠይቅም።

መምህሩ፦ ትክክል። ከነዳጅ ሁሉ የከፋው ድንጋይ ከሰል ነው። ለተመሳሳይ ሙቀት የተፈጥሮ ጋዝ ከሚለቀው እጥፍ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሰልፈሩ፣ ሜርኩሪው፣ አመዱ ሲታከልበት አስበው።

የካሉብ ደጋፊ፦ በቃ መልሱ ተገኘ! የሶማሌ ክልሉ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ! ጋዙ ከተገኘ 50 ዓመት አልፎታል፣ እኛ ግን አሁንም ከሰው ነዳጅ እንለምናለን። ፋብሪካው በጋዝ፣ ወጥ ቤቱ በጋዝ፣ ሲኖውም በጋዝ። ንጹሕ ነገር!

መምህሩ፦ ሲነድ ይሻላል። ሳይነድ ካመለጠ ግን ጉድ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ስለዚህ ንጹሕነቱ ቧንቧው በማፍሰስ ባለማፍሰሱ ይወሰናል።

ቦቴው፦ እንግዲህ ምን ፈቀዱልን መምህር? ቤንዚን አይሆንም፣ ናፍጣ አይሆንም፣ ድንጋይ ከሰል አይሆንም፣ ጋዝም ሚቴን ነው ተባለ። በፈረስ እንሂድ?

የካሉብ ደጋፊ፦ በሬም ሚቴን ያገሳል። ክትፎም ይከልከል!

መምህሩ፦ እኔ ምንም አልከለከልኩም። የቱ ምን እንደሚያደርግ ነው የተናገርኩት።

ቦቴው፦ አዎ፣ ምሁር እንዲህ ነው። ጉዱን ይነግርህና ክፍለ ጊዜው አለቀ ብሎ ይወጣል።

የንፋስ ጎረቤት፦ ባቡሩን ማን አነሳ? የጅቡቲው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ በፈረንጆቹ 2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ኮንቴይነሩ በብዛት በእሱ ቢመጣ ሲኖው ይቀንስልን ነበር።

ቦቴው፦ አሃ! አሁን ወጣ! ለካ ነገሩ ጭስ አይደለም፣ እንጀራችን ነው። ስንት ሹፌር፣ ስንት ረዳት፣ ስንት ጎሚስታ ነው በዚህ መንገድ የሚያድረው? ባለ ጀበናዋስ? ሲኖ ካልቆመ ቡናዋን ማን ሊጠጣላት ነው?

ጀበና በመንገድ ዳር፦ እሱስ እውነት ነው፣ ደንበኞቼ ብዙዎቹ ሹፌሮች ናቸው። ግን ሞተር አጥፍታችሁ ጠጡ። አቦል እስኪቀዳ ቆሞ የሚያጨሰው ለምንድን ነው?

ቦቴው፦ ባትሪ ነዋ። አሮጌ መኪና ከጠፋ በግፊ ነው የሚነሳው። ከነጭነቱ ማን ይገፋዋል? አንቺ?

ጋራዥ፦ ቅድም «የእኔ መኪና አያጨስም» አላልክም? አሁን አሮጌ ሆነ?

ቦቴው፦ አያጨስም አልኩ እንጂ አዲስ ነው መቼ አልኩ?

ጋራዥ፦ አምጣውና ልየው። ኖዝሉን በነፃ አይልሃለሁ።

ቦቴው፦ ቆይ አሁን ጭነት ላይ ነኝ።

ወንጂ ተወልጄ፦ ይኸው። ሁሌም ጭነት ላይ ነው።

ባለ ባጃጁ፦ እናንተ ስትጨቃጨቁ የእኔን ጥያቄ ዘለላችሁት። የባትሪውን ዋጋ የሚያውቅ አለ ወይስ የለም?

የንፋስ ጎረቤት፦ አንድ የሚያስመጣ ልጅ አለ፣ እጠይቅልሃለሁ።

ቦቴው፦ እሱ እስኪጠይቅልህ ቤንዚኑን እኔው ላምጣልህ።