የአባቶች አጥንት ሲሳሳ ሽፈራውና ሰሊጥ ይበቃሉ ወይ?

የመርካቶ ልጅ፦ እስቲ በዚህ እንከራከር። ፋዘር 71 ዓመቱ ነው፣ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ እጁ ተሰበረና ሲታይ አጥንቱ ሳስቷል ተባለ፣ አሌንድሮኔት የሚባል የአጥንት ኪኒን ታዘዘለት፣ እሱ ግን ኪኒን አልውጥም ሽፈራው አፍሉልኝ ብሎ ድርቅ ብሏል።

የጋሞው፦ ትክክል ናቸው አባትህ! ኮንሶ ሄደህ እይ ሽፈራው እንደ ጎመን የዕለት ምግብ ነው፣ ከኩርኩፋ (ከማሽላ ወይ ከበቆሎ ዱቄት ከሚድቦለቦል ምግብ) ጋር ይበላል። ግን አፍልቶ ውሃውን መጠጣት የከተማ ሰው ያመጣው ነገር ነው፣ ቅጠሉን ካልበሉት ምኑን አገኙት?

ሲስተር፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ሒሳቡን እንየው፣ ከ70 በላይ የሆነ ሰው በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ገደማ ነው፣ ሰሊጥ ከነገለፈቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ 90 ቢሆን ነው፣ እሱም ሁሉም ሰውነት ውስጥ አይገባም። ቆስጣ ደሞ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን ይይዘዋል፣ የሐበሻ ጎመን ይሻላል።

ዲሲ ነኝ፦ ታዲያ ጾሙስ? እንግሊዝ አገር በ2020 የወጣው ጥናት ቪጋኖች (ሥጋም ወተትም እንቁላልም የማይበሉ) ዳሌያቸው የሚሰበረው ሥጋ ከሚበሉት ከእጥፍ በላይ ነው ይላል እኮ

የጋሞው፦ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ነው ወንድሜ፣ የኛ ሰው ሲፈታ ወተቱም አይቡም አለ። ደሞ እዛ ጥናት ላይ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ሲስተር፦ አይ ጥሩ አመጣኸው፣ ለአጥንት ይጠቅማል የሚባለው የአኩሪ አተር ወሬም እኮ በብዛት የወር አበባ ባቆሙ ሴቶች ላይ ነው የተጠናው፣ ለወንድ ሽማግሌ በቀጥታ አይገለበጥም። ወንድ ላይ አጥንት ሲሳሳ መጀመሪያ ምክንያቱ ነው የሚፈለገው፦ ሆርሞን መቀነስ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና፣ አረቄ፣ ሲጋራ፣ ለረጅም ጊዜ የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ መድኃኒት። አባትህ ምን ይወስዳሉ?

የመርካቶ ልጅ፦ ኧረ ለአስሙ ፕሬድኒሶሎን ስንት ዓመት ውጧል! ያኔ ስለ አጥንት ያነሳብን ሰው የለም።

ሲስተር፦ በል ይሄን ለሐኪሙ ንገር፣ ግን ፕሬድኒሶሎኑን አሁንም የሚወስዱ ከሆነ በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙት። አሌንድሮኔቱ ጠዋት በባዶ ሆድ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይዋጣል፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት ምግብም መተኛትም የለም፣ አለዚያ ጉሮሮ ያቆስላል። በሽፈራው ሻይ ወይ በወተት እንዳይውጡት፣ ካልሲየም ካገኘው ወደ ደም አይገባም።

የጋሞው፦ ኪኒኑን ይዋጡ እሺ፣ ሽፈራውን ግን አትከልክሏቸው

ሲስተር፦ ማን ከለከለ? ምሳ ላይ ይብሉት፣ ቅጠሉን።