የቀለጠው ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ለምን መንገድ ላይ ይቆማል?

በምዕራብ አንታርክቲካ ከሚገኘው የፓይን አይላንድ ተንሳፋፊ የበረዶ ግግር ሥር ያለውን የውሃ ፍሰት በኮምፒውተር ሳሰላ አንድ ቦታ ላይ ስለተቸገርሁ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከጥልቁ የሚመጣው ጨዋማ ውሃ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የባሕር ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ነጥብ ከገጹ ላይ ከዜሮ በታች 1.9 ሆኖ በየ1,000 ሜትሩ ጥልቀት 0.75 ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ ግግሩን ከሥሩ ለማቅለጥ ይበቃል፤ እስከዚህ ስሌቴ ደህና ነው። ነገር ግን ጨው የሌለበት ቅላጩ ውሃ የግግሩን ሆድ እየታከከ ሽቅብ ከወጣ በኋላ፣ ገጹ ላይ ይደርሳል ስል 300 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሞ ወደ ጎን ይዘረጋል። በመንገዱ የተቀላቀለው ጨዋማ ውሃ አክብዶት ነው፣ ወይስ የቅልቅሉን መጠን አብዝቼዋለሁ? መጠኑን በግማሽ ስቀንሰው ከፍ ማለቱ ሁለተኛውን አስጠርጥሮኛል። የትኛውን ልኬት አስቀድሜ ልፈትሽ?