ጊትዌብ ዝርዝሩን ያወጣል፣ ኮሚት ግን አያሳይም

ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ጊትዌብን (የጊት ሪፖዚተሪዎችን፣ ማለትም የኮድ ማከማቻዎችን፣ በብራውዘር የሚያሳየውን ፕሮግራም) ከአፓቺ ዌብ ሰርቨር ጋር ጭኛለሁ። መጀመሪያ የፐርሉ ኮድ እንዳለ ብራውዘሩ ላይ ተዘረገፈ፤ አፓቺ ስክሪፕት እንዲያስኬድ የሚያደርገውን የሲጂአይ ሞጁል አብርቼ አፓቺን ሪስታርት ሳደርግ ተስተካከለ። ቀጥሎ 404 (አልተገኘም) መጣ፤ ሪፖዚተሪዎቹ ያሉበት የሆም ፎልደር ፈቃድ 750 (ለሌሎች ተጠቃሚዎች ዝግ) ስለሆነ አፓቺ መግባት አልቻለም ነበር። ሪፖዚተሪዎቹን ከሆም አውጥቼ ፕሮጀክትሩትን (ጊትዌብ ሪፖዚተሪዎችን የሚፈልግበትን ቦታ) አስተካከልኩ።

አሁን የሪፖዚተሪዎቹ ስሞች ይወጣሉ፤ የመጨረሻ ለውጥ በሚለው አምድ ግን ሁሉም ላይ «ኖ ኮሚትስ» (የተመዘገበ ለውጥ የለም) ይላል። በአፓቺው ተጠቃሚ ጊት ሎግን ስሞክር የፎልደሩ ባለቤት ያጠራጥራል ብሎ ይቆማል። ሴፍ ዳይሬክተሪን (ጊት የሌላ ተጠቃሚ ፎልደርን እንዲያምን የሚፈቅደውን ቅንብር) በራሴ ግሎባል ኮንፊግ ጨመርኩ፤ ያ ተጠቃሚ የእኔን ኮንፊግ ስለማያነብ ይመስለኛል፣ ለውጥ የለም።

በሲስተም ደረጃ ልጨምረው ወይስ ባለቤትነቱን ልቀይር? ብቀይረው በኤስኤስኤች ፑሽ ማድረግ (ለውጦቼን ከርቀት ወደ ሰርቨሩ መላክ) እንዳልችል በጣም ሰግቻለሁ። በኮከብ ምልክት (*) ሁሉንም ፎልደር መፍቀድም አልፈልግም፤ ሰርቨሩን ሌሎች ሰዎችም ይጠቀሙበታል። እባካችሁ የምታውቁ አግዙኝ።